ግንባሩ ላይ የተለጠፈችው አምስት ዶላር

ዮናስ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን! የዛሬው ርዕሳችን የአሜሪካው የአፓላቺያ ተራሮች ሙዚቃ ነው። ባንጆ የሚባለው ባለ ክር መሣሪያ፣ ፊድል፣ የድሮ ዘፈን። ዛሬም ድረስ ይዘውት ያሉት እነማን ናቸው? የሚለውን እናወራለን። ርዕሱን ያመጣችው ማሂ ናት። ከፍሎይድ ከተመለሰች ገና ሳምንት አልሞላትም።

ማህሌት፦ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው ያለው። ግን ዮኒ፣ መጀመሪያ የእቴቴን ነገር ላውራህ።

ዮናስ፦ ከሙዚቃው በፊት?

ማህሌት፦ ሙዚቃው የገባኝ በእሷ በኩል ነዋ! እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ከጎንደር ልትጠይቀን መጥታ ሁለት ወር ሆናት። አሌክሳንድሪያ ቤት ውስጥ መቀመጥ ሰለቻት። አርብ ዕለት መኪና ውስጥ አስገባኋትና ወደ ደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ነዳሁ። አምስት ሰዓት ያህል ነው። ብሉ ሪጅ ተራራ ላይ መውጣት ስንጀምር መስኮቱን አስከፈተችኝና "አገሬ ገባሁ" አለች።

ዮናስ፦ ደስ ሲሉ!

ማህሌት፦ ፍሎይድ ትንሽዬ ከተማ ናት። በካውንቲው በሙሉ ያለው የትራፊክ መብራት አንድ ነው። መሀሏ ላይ ፍሎይድ ካንትሪ ስቶር አለ። ሱቅ ነው፤ ከረሜላም ቱታም ይሸጣል። አርብ ማታ ግን መጀመሪያ መዝሙር፣ ከዚያ ዳንስ ነው። በበጋ ደግሞ ውጭው ይብሳል። አስፋልቱ ዳር፣ ግድግዳው ጥግ፣ አምስት ስድስት ሰው ክብ ሠርቶ ይጫወታል። መድረክ የለ፣ ማይክ የለ።

ዮናስ፦ የሚያውቅ ሁሉ ገብቶ ይጫወታል ማለት ነው?

ማህሌት፦ ዜማውን ካወቅክ ወንበርህን ስበህ ትቀመጣለህ። እና አንዱ ክብ ውስጥ አንድ ልጅ አለ። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፊድል ይዟል፤ ያው ቫዮሊን ነው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ልጁ ሲጀምር እቴቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ትንሽ ሰማችና የነጠላዋን ጫፍ ፈታች።

ዮናስ፦ ኧረ በማርያም!

ማህሌት፦ አምስት ዶላር አወጣች። ክቡ መሀል ገባች። ልጁ ግንባር ላይ ለጥ!

ዮናስ፦ ፍሎይድ ቨርጂኒያ ውስጥ!

ማህሌት፦ ዮኒ፣ ልጁ መምታቱን አላቆመም። ብሯ እንዳትወድቅበት አንገቱን ትንሽ ወደ ኋላ ሰበቀና ቀጠለ። ባንጆ የያዙት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሷት። እቴቴ መች በዚህ በቃት? "ተቀበል!" አለችው።

ዮናስ፦ ግጥም ልትሰጠው!

ማህሌት፦ አዎ! በአማርኛ! እንደ አዝማሪ ቤት። ስንኟን አወረደችለት። እሱ አንድ ቃል አልገባው። ግን የሆነ ነገር እንደተሰጠው አወቀ፤ ያንኑ ዜማ እንደገና ከፍ አድርጎ ጀመረላት።

ዮናስ፦ ተቀበለ ማለት ነው እኮ።

ማህሌት፦ እኔም ያልኩት እሱን ነው። እሷ ግን እስከ አሌክሳንድሪያ "ግጥሜን አልመለሰልኝም" እያለች መጣች።

ዮናስ፦ እሺ ተቀበል! ወደ ርዕሳችን እንመለስ።

ማህሌት፦ ቆይ፣ ጭፈራውን ሳልነግርህ። ፍላትፉት ይሉታል። ጫማቸው ሶል ላይ ብረት አለ። ወለሉ እንጨት ነው። ከወገብ በላይ ዝም ነው፤ እጃቸው ወርዶ ተንጠልጥሏል። እግራቸው ግን ከበሮ ይመታል። እቴቴ አይታ አይታ "እስክስታው እግራቸው ላይ ወርዶ ነው" አለች።

ዮናስ፦ ይሄማ ያስኬዳል። እኔ ግን ስለ ልጁ ልጠይቅሽ። ከየት ተማረ? በዚህ ዕድሜው ያን ሁሉ የድሮ ዜማ?

ማህሌት፦ እናቱን ጠየቅኳት። ከትምህርት በኋላ በሚሰጥ ፕሮግራም ነው የጀመረው አለችኝ። በእነዚህ ተራሮች እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ጁኒየር አፓላቺያን ሙዚሽያንስ የሚባል። ሄለን ዋይት የምትባል የትምህርት ቤት አማካሪ ናት ሰሜን ካሮላይና፣ አሌጋኒ ካውንቲ ውስጥ የጀመረችው። ከክፍል በኋላ ልጆቹ ባንጆ፣ ፊድል፣ ጊታር ይማራሉ። በኖታ አይደለም፤ በጆሮ ነው። ዛሬ ብዙ ካውንቲዎች ውስጥ አለ። ያኔ የተማሩት አድገው አሁን ራሳቸው ያስተምራሉ።

ዮናስ፦ ባንጆውንስ? እቴቴ ባንጆውን ምን አሉት?

ማህሌት፦ ሽማግሌውን አስፈቅዳ በጣቷ አንኳኳችው። "ይሄማ ከበሮ ነው፤ ክር ወጥረውበት እንጂ" አለች። ልክ ናት! ፊቱ እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው። የዛሬው አብዛኛው ፕላስቲክ ነው እንጂ ድሮ ቆዳ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ሳጥኑ ራሱ ቅል ነበር።

ዮናስ፦ እንደ መሰንቆ በለው።

ማህሌት፦ አይ፣ ከመሰንቆ ጋር ዝምድና አለው አልልም። ዘመዶቹ ምዕራብ አፍሪካ ናቸው። ሴኔጋልና ጋምቢያ ውስጥ የጆላ ሕዝብ አኮንቲንግ የሚለው መሣሪያ አለው። ቅል ነው፣ ቆዳ ተወጥሮበታል፣ ሦስት ክር አለው፣ አንዷ ክር አጭር ናት። የጋምቢያው ዳንኤል ጃታ ነው ለባንጆ ተመራማሪዎች ያሳያቸው። እና አመታቱ ዮኒ! በጥፍር ወደ ታች ትመታለህ፤ ከዚያ አውራ ጣትህ አጭሯን ክር ታነሳለች። በተራሮቹ ላይ ክሎሀመር የሚሉት አመታት ራሱ ነው። ሽማግሌው እጄን ይዘው አሳዩኝ። ጥፍር ወደ ታች፣ ጥፍር ወደ ታች፣ አውራ ጣት። አጭሯ ክር ዜማ አትይዝም፤ ከላይ ሆና ታስተጋባለች።

ዮናስ፦ ባንጆ ሲባል ግን ሁሉም ሰው የሚያስበው የነጭ ገበሬ ሙዚቃ ነው።

ማህሌት፦ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው! ባንጆን ያመጡት በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው እየቀለዱ በየመድረኩ ያዙት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ደግሞ የሸክላ ኩባንያዎች መጡ። ለጥቁሩ "ሬስ ሪከርድስ"፣ ለነጩ "ሂልቢሊ" ብለው ገበያውን ከፈሉት። ጥቁሩ ብሉዝ እንዲቀዳ፣ ነጩ ፊድል እንዲቀዳ። ፊድልና ባንጆ የሚጫወት ጥቁር በየትኛው ሳጥን ይግባ? እየኖረ፣ እየተጫወተ፣ በሸክላ ላይ ግን ብዙም የለም።

ዮናስ፦ አሁን ርዕሳችን ውስጥ ገባን። ያልሽኝን ሰውዬ ንገሪያቸው።

ማህሌት፦ ጆ ቶምፕሰን። እ.ኤ.አ. በ1918 የተወለዱ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ሚበን አካባቢ። የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ፊድሉን ከአባታቸው ነው ያገኙት። የአጎታቸው ልጅ ኦዴል ባንጆ ይዞ፣ እሳቸው ፊድል ይዘው ሰፈሩን ሲያስጨፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ኦዴል ሞተ። እሳቸውም በ2001 ስትሮክ መታቸው።

ዮናስ፦ ወይ ጉድ።

ማህሌት፦ እጃቸው እየከበዳቸው ተመልሰው ያዙት። በ2005 ቡን በምትባል ከተማ፣ አፓላቺያን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ስብሰባ ተደረገ። እዚያ ሦስት ወጣቶች ተገናኙ። ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስ፣ ጀስቲን ሮቢንሰን። እና ሐሙስ ማታ ሐሙስ ማታ ጆ ቤት መሄድ ጀመሩ። የ86 ዓመት ሽማግሌ ሳሎን! ጊደንስ እኮ ኦበርሊን ኦፔራ ተምራ የመጣች ናት። እሳቸው ደግሞ ቁጭ ብለው የሚያስረዱ አስተማሪ አይደሉም። ይጫወታሉ፤ ትከተላለህ። ያንኑ ዜማ እንደገና። እንደገና።

ዮናስ፦ እንደ ቆሎ ተማሪ።

ማህሌት፦ በቃ እሱ ነው! ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የሚባለው ባንድ ከዚያ ሳሎን ወጣ። በ2011 ግራሚ ወሰዱ። ጆ ሲወስዱ አይተዋል፤ ያረፉት በ2012 ነው። እኔ የምለው፣ ያ ሳሎን ባይኖር ይሄ ሁሉ የለም። ሙዚቃ የሚተላለፈው ከጉልበት ለጉልበት ተቀምጠህ ነው። ከቀረጻ አይደለም።

ዮናስ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ጄክ ብላውንትንስ ምን ልትዪው ነው? እሱ ባንጆና ፊድል ይዞ አርካይቭ ውስጥ የተኙ የጥቁሮችን የድሮ ቀረጻ እየቆፈረ ነው የሚያወጣው። ሰዎቹ ሞተዋል። ማን ጉልበት ሥር ይቀመጥ? ቀረጻው ባይኖር ምን ነበረው?

ማህሌት፦ ቀረጻ ዜማውን ይሰጥሃል። ሰውየው ዜማውን ሲጨርስ ፊድሉን ጉልበቱ ላይ እንዴት እንደሚያሳርፍ ግን አይሰጥህም።

ዮናስ፦ ያ ቢቀርስ?

ማህሌት፦ እንዴት ይቀራል! እ... እሺ፣ ሰው ካለ ሰው፣ ሰው ከሌለ ቀረጻ። ግን ሰው እያለ ቀረጻ ይዞ ቤት መቀመጥ አይሆንም።

ዮናስ፦ ግማሹን ተቀብያለሁ።

ማህሌት፦ ተቀበል!

ዮናስ፦ ሌላም አለኝ። ጊደንስ ኦፔራ ጻፈች፤ ከማይክል ኤብልስ ጋር፣ "ኦማር"ን። የፑሊትዘር ሽልማት አሸነፈችበት፣ በ2023። በ2024 ደግሞ የቢዮንሴ ካንትሪ ዘፈን ላይ ባንጆ መታች። ይሄ ጥበቃ ነው? ወይስ ከቤት መውጣት?

ማህሌት፦ ኦማር ኢብን ሰኢድ እኮ ከሴኔጋል አካባቢ ተይዞ የመጣ፣ ካሮላይና ውስጥ በባርነት የኖረ፣ የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ የጻፈ ሰው ነው። አኮንቲንጉም ከዚያው ሰፈር! እና ጊደንስ ዞራ ደግሞ የት ተመለሰች? በ2025 ከጀስቲን ሮቢንሰን ጋር አልበም አወጣች። ፊድልና ባንጆ ብቻ ማለት ይቻላል። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ደጅ ላይ ነው የቀዱት። አንዱ ቦታ የጆ ቶምፕሰን ቤት ነው። ወፉም ሲካዳውም አብሮ ተቀድቷል። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት አድማጮች፣ እባካችሁ። ባንጆው ጋብ ሲል ዛፉ ላይ ያሉት ነፍሳት ይቀጥላሉ። እኔ መኪና ውስጥ ስሰማው መንገድ ዳር አቁሜ ጨረስኩት።

ዮናስ፦ ቢዮንሴዋን አልመለስሽልኝም።

ማህሌት፦ ባንጆ የማን እንደሆነ በዚያ ዘፈን ስንት ሰው ጠየቀ! እኔ አልከፋም።

ዮናስ፦ እኔ ገና እያሰብኩበት ነው። ሰዓታችን አልቋል። ስለ ዌይን ሄንደርሰን፣ ፖስታ እያደለ ጊታር ይሠራ ስለነበረው ሰውዬ ልንነግራችሁ ነበር፤ ለሚቀጥለው ይቆየን። እቴቴስ አሁን የት ናቸው?

ማህሌት፦ ሳሎን። በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ "አርብ መቼ ነው?" ትላለች። አምስት አምስት ዶላር ዘርዝሪልኝ ብላ ሃያ ዶላር ሰጥታኛለች።