አየሩ ለስድስቱም እኩል ይድረስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ አንድ ጉዳይ አለ፤ ኢንቴክ ማኒፎልድ፣ አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው የቧንቧዎች ስብስብ።

የድራግ (በቀጥታ መንገድ የሚደረግ የአጭር ርቀት ውድድር) መኪና ላይ ቱርቦ የሚገጥሙ ልጆች ደጋግመው የሚሉኝ ነገር አለ። «ማኒፎልድ የሚያስጨንቀው ቱርቦ የሌለውን ሞተር ነው፤ እኛ ጋ ቱርቦው ገፍቶ ያስገባዋል» ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ቱርቦው አየሩን ጨምቆ እስከ ማኒፎልዱ ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ለየትኛው ሲሊንደር ምን ያህል ይድረሰው የሚለው የማኒፎልዱ ሥራ ነው። ስለዚህ ማኒፎልድ ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ ክፍፍሉ ነው። ክፍፍሉ ሲስተካከል ጉልበቱ ይከተላል።

በምናውቀው ሞተር ላውራ። የቶዮታ ሱፕራው 2ጄዚ-ጂቲኢ፤ 2,997 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ብሎኩ ብረት። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1998 አሜሪካ ሲሸጥ 320 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ለድራግ ሲዘጋጅ ሁለቱ ትናንሽ ቱርቦዎች ወርደው አንድ ትልቅ ይገባል፤ የፋብሪካው ማኒፎልድም ወርዶ ከአሉሚኒየም ላሜራ የተበየደ፣ ስሮትሉ፣ ማለትም የአየር መግቢያው በር፣ ከፊት የሆነ ይታሰርበታል። ሲያዩት ያምራል። ግን ሁሉም እኩል አያከፋፍልም።

እዚህ ሜሪላንድ፣ በድስ ክሪክ የሚገኘው የድራግ መንገድ ላይ አንድ ወዳጄ ሱፕራውን ሮጦ ሲመለስ፣ ሞተሩን አጥፍተን ስድስቱንም ካንዴላ ነቀልንና ነጭ ጨርቅ ላይ በተራቸው ደረደርናቸው። ስሮትሉ አጠገብ ያለው አንደኛው ጥላሸት ይዞ ጠቁሯል። ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር እየነጣ ይመጣል። የስድስተኛው ሸክላ ጭራሽ ነጭ ሆኗል፤ በአጉሊ መነጽር ስናየው ላዩ ላይ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ። አሉሚኒየም ነው፤ ከፒስቶኑ አናት ተነስቶ የመጣ። የሞተሩ ኮምፒውተር ግን ለስድስቱም የረጨው ነዳጅ እኩል ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት የመስኖ ቦይ አስቡ። ውሃው በኃይል ሲወርድ አጠገቡ ያለችውን የመጀመሪያዋን ቅርንጫፍ ጥሏት ያልፍና መጨረሻው ላይ ይከማቻል። ማኒፎልዱ ውስጥም እንደዚያው ነው። አየሩ በስሮትሉ ገብቶ ቋቱን (ስድስቱ ቧንቧዎች የሚነሱበትን የአየር ማጠራቀሚያ) እየሰነጠቀ ይከንፋል፤ ወደ መጀመሪያው ቧንቧ ለመግባት በድንገት መታጠፍ አለበት፣ አይችልም። የኋላው ግድግዳ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ስድስተኛው ጠግቦ ይበላል። አየሩ በዝቶ ነዳጁ ያው ሲሆን ቃጠሎው ይግላል፣ ነዳጁ ያለ ሥርዓት እየፈነዳ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስቶን ተበላሽቶ ይሄዳል።

ሞተሩን በኮምፒውተር የሚያስተካክለው ሰው ቡስቱንም (ቱርቦው የሚጨምረውን ግፊት) ታይሚንጉንም (ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ) የሚወስነው እንግዲህ በዚያ በስድስተኛው ነው። አምስቱ ገና መሸከም ሲችሉ በአንዱ ምክንያት ታስረው ይቀራሉ። ማኒፎልድ ጉልበት ይጨምራል ስል ዋናው መንገዱ ይሄ ነው፤ ደካማው ሲጠፋ ለሁሉም መጨመር ይቻላል። «ለስድስተኛው ብቻ ነዳጅ እንጨምርለት» የሚሉ አሉ፤ የዛሬ ኮምፒውተሮች ያንን ይሠራሉ፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ልዩነቱ በዙሩና በቡስቱ ልክ ይቀያየራል፤ ያ ሲሊንደር አሁንም ከወንድሞቹ በላይ እየሠራ ነው።

መፍትሔው ቋቱን ወደ ኋላ እያጠበቡ መሄድ ነው። እያንዳንዱ ቧንቧ ድርሻውን ሲወስድ የቀረው አየር ቦታው ይጠብበታል፣ ፍጥነቱ አይወድቅም፣ ኋላ ላይ አይከማችም። ሌላው የቧንቧዎቹ አፍ ነው። ስለታም ጠርዝ ያለው ቀዳዳ የመግቢያ ኪሳራ ቁጥሩ (አየሩ ሲገባ የሚያጣው ግፊት መለኪያ) 0.5 ገደማ ነው፤ አፉን በደንብ አዙራችሁ ብታለሰልሱት ወደ 0.04 ይወርዳል። ጥቂት ሰዓት በእጅ መሞረድ ይህን ያህል ይለውጣል። በበኩሌ ከዚህ የሚበልጥ ርካሽ ሥራ አላውቅም።

የቧንቧው ርዝመት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ቫልቩ ሲከፈት ቧንቧው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሞገዱ የሚጓዘው በድምፅ ፍጥነት ነው። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት ነው፤ ቡስት ስለጨመራችሁ አይለወጥም። ስለዚህ ቱርቦ ሞተር ላይም ጨዋታው አለ። ኢንተርኩለሩን (የአየር ማቀዝቀዣውን) አልፎ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 360 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሞተሩ በደቂቃ 8,000 ዙር ሲዞር አንዱ ዙር 7.5 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ የማስገቢያው ቫልቭ 260 ዲግሪ ክፍት ነው ብንል 5.4 ሚሊ ሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ሞገዱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ርቀት ይጓዛል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ካለው መንገድ ጋር 30 ሳንቲሜትር የሆነ ቧንቧ ላይ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ቫልቩ ሊዘጋ ሲል የደረሰው ምላሽ ተጨማሪ አየር ጠቅጥቆ ያስገባል። ቧንቧውን ስታሳጥሩት ይህ የሚሆንበት ዙር ወደ ላይ ይወጣል። ድራግ መኪና ከመነሻው ቡስት ሠርቶ፣ ሩጫውን በሙሉ ከላይኛው ዙር ስለማይወርድ አጭሩ ይስማማዋል።

ብየዳውን ችላ አትበሉት። 40 በ12 ሳንቲሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ግድግዳ በ3 ባር ቡስት ከአንድ ነጥብ አራት ቶን በላይ ይገፋዋል። ጠፍጣፋ ላሜራ ያብጣል፣ ብየዳው ይሰነጠቃል። ክብ ያለው ቋት ይሻላል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ከውስጥ ማጠናከሪያ ይፈልጋል። ቴስታታው ላይ የሚታሰረው ፍላንጅ (ጠፍጣፋው ማሰሪያ) በአርጎን ሲበየድ ይጣመማል፤ ወፍራም ብረት ላይ በቡሎን ጠፍራችሁ በየዱት፣ ሲጨርስ ፊቱ እንዲስተካከል አስፍቁት። አለዚያ ጓርኒሲዮኑ (በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) አየር ያሳልፋል።

የወዳጄን ማኒፎልድ በዚሁ መንገድ ነው ደግመን የሠራነው፤ ጠባብ ጭራ ያለው ቋት፣ የተሞረደ አፍ። በዚያው ቡስት ሲሮጥ ካንዴላዎቹ ተቀራርበው መጡ፣ ታይሚንግ ለመጨመርም ቦታ ተገኘ። ለውጡን የምናየው መጨረሻው መስመር ላይ ባለው ፍጥነት ነው። ሰዓቱ በአነሳስና በጎማ ይለዋወጣል፤ የሩጫው 402 ሜትር መጨረሻ ላይ ያለው ፍጥነት ስለ ጉልበት የበለጠ ይናገራል።

ከአዲስ አበባ የሚያዳምጡ ልጆች አጭሩን ማኒፎልድ የሥራ መኪናቸው ላይ መግጠም ፈልገው ይጠይቁኛል። እንደኔ አትግጠሙ። እናንተ ጋ በ2,300 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦው እስኪነሳ ሞተሩ ቀድሞውኑ ደካማ ነው። በታችኛው ዙር የሚያግዛችሁ የፋብሪካው ረጅም ቧንቧ ነው። ገንዘቡ ካለ በየሲሊንደሩ ጭስ መውጫ ላይ የሙቀት መለኪያ አስገቡ፤ የቱ ሲሊንደር ብቻውን እየጋለ እንደሆነ በዚያ ታዩታላችሁ። በሉ፣ ሰላም ሁኑልኝ።