ባዶው ወረፋ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። የማወራላችሁ ስለ አንድ የከሸፈ የሰርቨር ዝማኔ ነው። ሲከሽፍ ግን ብዙ ጉዳት አላደረሰም። ጉዳቱ የመጣው እኔ ካስተካከልኩት በኋላ ነው። አስተካክዬ ስጨርስም ደስ ብሎኝ ተኝቻለሁ። ይህን ክፍል ለመቅረጽ ወራት የፈጀብኝ ያ ደስታ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

የአንድ አነስተኛ ማኅበር የኢሜይል ሰርቨር በእኔ እጅ ነው። ስድሳ ገደማ የመልእክት ሳጥኖች፣ 40 ጊጋባይት ዲስክ፣ ደብዳቤ የሚቀበልና የሚልክ ፖስትፊክስ፣ ሳጥኖቹን ለባለቤቶቻቸው የሚከፍት ዶቭኮት፤ ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም። ዓመታት ሙሉ ሲያገለግል ስሙ ተነሥቶ አያውቅም። የኢሜይል ሰርቨር እንደ ጣሪያ ነው፤ ካላፈሰሰ ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

ያን ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የዲስኩን ቅጂ አስቀመጥኩ፤ 5 ሰዓት ሲሆን ዝማኔውን ጀመርኩ። ፓኬጆቹ፣ ማለትም የፕሮግራም ጥቅሎቹ፣ ወረዱ፤ አንድ በአንድ መፈታት ጀመሩ፤ ከዚያ መሐል ላይ ቀጥ አለ። ተርሚናሉ ላይ የወጣው ጽሑፍ «በመሣሪያው ላይ ቦታ የለም» የሚል ነው። ቦታማ አለ! የዲስክ ይዞታ የሚያሳየውን ዲኤፍ የተባለውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ 13 ጊጋባይት ባዶ ነው። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ያንኑ ዝማኔ እንደገና አስጀመርኩት። ያው መልስ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ። ከዚያ ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁት። ጽሑፉ እውነቱን እየነገረኝ እኔ ልመና ላይ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፋይል ዲስክ ላይ ለመቀመጥ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ይዘቱ የሚያርፍበት ቦታ እና ባለቤቱ፣ መጠኑ፣ የት እንዳረፈ የሚጻፍበት አንድ የመዝገብ መስመር። ይህ መስመር አይኖድ ይባላል። መጋዘኑ ባዶ ሆኖ የመዝገቡ ገጽ ካለቀ ዕቃ አይገባም። በብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ባለው ኤክስት 4 በተባለው የፋይል ሥርዓት የመስመሮቹ ብዛት የሚወሰነው ገና ዲስኩ ሲሰናዳ ነው፤ በተለምዶ ለእያንዳንዱ 16 ኪሎባይት አንድ መስመር። ለ40 ጊጋባይት 2.6 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። በኋላ ልጨምር ቢሉ የሚቻለው ዲስኩን ራሱን በማስፋት ነው። ዲኤፍ ደግሞ «አይ» የምትል አንዲት ፊደል ስትጨመርለት ከቦታው ይልቅ መስመሮቹን ይቆጥራል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው ትዝ ያለኝ። ፊደሏን ጨመርኳት፤ 100 በመቶ አለኝ።

ማን በላው? ሜይልዲር በሚባለው አቀማመጥ እያንዳንዱ ደብዳቤ ራሱን የቻለ ፋይል ነው። ዳንኤል በርንስታይን ለኪውሜይል ያበጀው ዘዴ ነው፤ ፋይል መቆለፍ ሳያስፈልግ ደብዳቤ ሳይጠፋና ሳይደባለቅ እንዲቀመጥ ያደርጋል፤ እኔም እወደዋለሁ። ክፍያው ግን አንድ ደብዳቤ አንድ መስመር መብላቱ ነው። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ስቆጥር የአብዛኞቹ ሰዎች ጥቂት ሺሕ፣ የትጉሁ ሒሳብ ሠራተኛ ሠላሳ ሺሕ ገደማ ነው። አንዱ ሳጥን ግን ሲቆጠር፣ ሲቆጠር፣ ቆየ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ደብዳቤ፤ አንዱም አልተነበበም። የማን ሳጥን መሰላችሁ? የእኔ።

ከአራት ዓመት በፊት በየደቂቃው የሚሠራ አንዲት ትንሽ ፍተሻ ጽፌ ነበር። ሥራዋን በጨረሰች ቁጥር «ሁሉ ደህና» የምትል አንድ መስመር ለአስተዳዳሪው ትልካለች። በቀን 1,440፣ በዓመት 525,600 ደብዳቤ። ያን ሳጥን ከፍቼው አላውቅም። ሰርቨሩ አራት ዓመት ሙሉ በየደቂቃው ደህና ነኝ እያለ ሲጽፍልኝ ኖሮ በመጨረሻ በዚያው በደህንነቱ ወሬ ታንቆ ቆመ።

ማጥፋቱም ቀላል አልነበረም። በአንድ ትእዛዝ ጠራርጌ ላጥፋው ስል የፋይሎቹ ዝርዝር ከልክ በላይ ረጅም ነው ብሎ እምቢ አለኝ። ፋይንድ በተባለው ትእዛዝ እያንዳንዱን እየፈለገ እንዲሰርዝ አደረግኩት፤ ጊዜ ወሰደ። በመሐሉ ማወቅ የነበረብኝ ነገር ይኸውና፦ ሰርቨሩ በነዚያ ሰዓታት አዲስ ደብዳቤ መቀበል አልቻለም፤ የሚቀበልበት ፋይል መፍጠር አይችልማ። ስለዚህ ደብዳቤ የላኩ ሌሎች ሰርቨሮች በእጃቸው ይዘው እየጠበቁ ነበር። አንድም ደብዳቤ አልጠፋም። እስከዚህ ድረስ ያለው ውድቀት፣ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ጨዋ ውድቀት ነው።

ከዚያ እኔ ጥገና ጀመርኩ።

የተቋረጠውን ተከላ የሚያስጨርሰውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ሌሎቹ ፓኬጆች ተስተካከሉ፤ ፖስትፊክስ ግን አጉረመረመ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፏል፤ ዓይኔ ይቃጠላል። እንደገና እንዲዋቀር አዘዝኩት። ሰማያዊ ሰሌዳ መጣ፤ ጥያቄ አለበት። ኢንተር። ሌላ ጥያቄ። ኢንተር። ከጥያቄዎቹ አንዱ ይህ ሰርቨር የመጨረሻ መድረሻ የሚሆንላቸውን ስሞች የሚጠይቅ ነበር፤ መልሱ ሳጥን ውስጥ የማኅበሩ ዶሜይን፣ ማለትም በአድራሻችን ከ@ በኋላ ያለው ስም፣ አስቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧል። ትክክል ይመስላል፤ የእኛው ዶሜይን ነው እኮ። ኢንተር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው፤ እኔ ማፍሰሴን ያወቅኩት ግን ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው።

ፖስትፊክስ ተነሣ። ዶቭኮት ተነሣ። ወደ ሌላ አድራሻዬ ደብዳቤ ላክኩ፤ ደረሰ። ደብዳቤ የሚገባበት በር 25 ክፍት መሆኑን የሚከታተለው ፕሮግራም አረንጓዴ አበራ። በመጨረሻ ደብዳቤ ተራውን የሚጠብቅበትን ወረፋ አየሁ። ባዶ ነው፤ ንጹሕ። ሰዓቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40። ተኛሁ።

ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ የማኅበሩ ጸሐፊ ደወሉ። እዚያ ቢሮ ሃያ ዓመት ያገለገሉ ሴት ናቸው፤ እኔም እንደ እናት ነው የማያቸው። መጀመሪያ ያመሰገኑኝ ነው የመሰለኝ። «ልጄ፣ ዛሬስ ምን ዓይነት ሰላም ነው! አንድም ኢሜይል አልገባም» አሉኝ። ቀጠሉና፣ «ግን አንድ የማውቃቸው ሰው ደውለው ከሥራ ለቀቁ እንዴ ይሉኛል። ደብዳቤ ልከውልኝ እንዲህ ያለ ሰው የለም ተብሎ ተመለሰባቸው» አሉ።

እንቅልፌ ያን ጊዜ ነው የለቀቀኝ። ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ስከፍት ገጹ ሙሉ 550 ነው። 550፣ ተቀባዩ አልታወቀም። 550፣ ተቀባዩ አልታወቀም። እስከ ታች ድረስ።

የሆነው እንዲህ ነው። የእኛ ተጠቃሚዎች በሰርቨሩ ላይ የመግቢያ ስም የላቸውም፤ በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ የተመዘገቡ ናቸው። ፖስትፊክስ እንዲህ ያለውን ዶሜይን ምናባዊ ብሎ በአንድ ዝርዝር ይይዛል፤ የሰርቨሩን የራሱን ነዋሪዎች ደግሞ በሌላ ዝርዝር። አንድ ዶሜይን በሁለቱም ውስጥ መጻፍ የለበትም። እኔ በዚያች ኢንተር ወደ ሁለተኛውም አስገባሁት። ከዚያ በኋላ ለጸሐፊዋ ደብዳቤ ሲመጣ ፖስትፊክስ የሚፈልጋቸው በሰርቨሩ ነዋሪዎች መካከል ሆነ፤ እዚያ ደግሞ የሉም። በሁለቱም ዝርዝር አትጻፍ የሚል ማስጠንቀቂያም ሎጉ ውስጥ ደጋግሞ ጽፎልኝ ነበር። ይህን ሰርቨር ባለመስማት ግን፣ እንደምታውቁት፣ የአራት ዓመት ልምድ አለኝ። ማስተካከያው አንድ ቃል መሰረዝ ነው፤ ሰረዝኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኢሜይል የሚጓዝበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ከጻፈው ሰነድ ጀምሮ፣ ከሌሎች መካከል፣ እነዚህን ሦስት ዓይነት መልሶች ይለያል። በ2 የሚጀምር ተቀብያለሁ ነው። በ4 የሚጀምር አሁን አልቻልኩም፣ ቆይተህ ተመለስ ነው። በ5 የሚጀምር ግን የመጨረሻ እምቢታ ነው፤ ላኪው ሰርቨር መሞከሩን አቁሞ ደብዳቤውን ለጻፈው ሰው መርዶውን ይነግራል። መልስ ጨርሶ ካልተገኘ፣ ማለትም ሰርቨሩ ቢጠፋ፣ እንደ 4 ይቆጠራል። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታደስ የወጣው ሰነድ ላኪው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲሞክር ይመክራል፤ ፖስትፊክስም ካልተለወጠ በቀር 5 ቀን ይጠብቃል። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ማሽን እንደሚወድቅ አውቀው ነው የጻፉት። ስለዚህ ያን ሌሊት ሰርቨሩን ጭራሽ አጥፍቼው ብተኛ ኖሮ ጠዋት አንድም ደብዳቤ አይጎድልም ነበር። አምስት ቀን በእጄ ነበረ። በሩን ከፍቶ የሰውን መኖር የሚክድ ሰርቨር ነው ጉዱን ያመጣው። ለሰዓታት በትዕግሥት የጠበቁት ደብዳቤዎችም፣ እኔ አስተካከልኩ ባልኩባት ደቂቃ ተራ በተራ መጥተው ተባረሩ። ወረፋው ባዶ የነበረው ለዚህ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኢሜይል ሰርቨር ዝምታ ግን ይነቅዛል።

ሙሉ ወረፋ ምን እንደሚመስል ለማየት ጃንዋሪ 1 ቀን 2022ን አስታውሱ። ኤክስቼንጅ 2016 እና ኤክስቼንጅ 2019 በተባሉት የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨሮች ላይ ተንኮል አዘል ፋይል የሚፈትሸው ክፍል የዝማኔውን ቁጥር ከቀኑ ያወጣ ነበር፤ አዲሱ ዓመት ሲገባ ቁጥሩ 2201010001 ሆነ። ቁጥሩ እንዲቀመጥበት የታሰበው ቦታ ከ2147483647 በላይ አይይዝም። ፈታሹ ወደቀ፤ ደብዳቤም ወረፋ ላይ ተከመረ። የብዙ ባለሙያዎች በዓል እንደተበላሸ እገምታለሁ። ግን ደብዳቤዎቹ ወረፋው ላይ ነበሩ፤ መፍትሔው ሲመጣ ጉዟቸውን ቀጠሉ። እኔ በዚያ ወረፋ እቀናለሁ።

ያን ጠዋት ሌላም ፈተና ነበረ፦ የምሽቱን ቅጂ መልሶ መጫን። ለድረ ገጽ ቢሆን አላመነታም ነበር። ኢሜይል ላይ ግን ቅጂው ከተወሰደ በኋላ 250 ብላችሁ የተቀበላችሁት ደብዳቤ አብሮ ይጠፋል። 250 ማለት ኃላፊነቱን ወስጃለሁ ማለት ነው፤ ላኪው የራሱን ቅጂ ከወረፋው ሰርዞ ሄዷል። ከምሽቱ 4 እስከ 5 ሰዓት አሥራ አንድ ደብዳቤ ገብቶ ነበር። ተውኩት።

አሁን ዝማኔ ከመጀመሬ በፊት በር 25ን ከውጭ እዘጋለሁ፤ ቅጂ የምወስደው ከዘጋሁ በኋላ ነው። ስከፍተው ደግሞ የፖስትፊክስን «ሶፍት ባውንስ» የሚባል ቅንብር አብርቼ ነው፤ እርሱ 5 የሚሉትን መልሶች ወደ 4 ይለውጣቸዋል። ብሳሳት እንኳ ቆይተህ ተመለስ እላለሁ እንጂ ሰው የለም አልልም። ለአንድ ቀን ሎጉን አይቼ ቅንብሩን አጠፋዋለሁ፤ እንዲሁ ከተተወ የማይፈለገውም ደብዳቤ ሁሉ እየተመላለሰ ያንኳኳል። ስፈትሸውም ከውጭ ወደ ውስጥ ደብዳቤ በመላክ ነው። ዶቭኮትን ከ2.3 ወደ 2.4 የምታሳድጉ ካላችሁ ደግሞ የድሮው የቅንብር ፋይል እንዳለ አይሠራም፤ ሰነዱን ቀድማችሁ በቀን ብርሃን አንብቡ። ያቺን በየደቂቃው የምትጽፍልኝን ፍተሻ ደግሞ ችግር ሲኖር ብቻ እንድትጽፍ አደረግኳት።

የተባረሩት ደብዳቤዎች ይዘታቸው እኛ ጋ አልደረሰም፤ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ግን ሎጉ ላይ አለ። የቆሻሻ መልእክት ላኪዎችን ስቀንስ አርባ ስምንት ሰው ቀረ። ለእያንዳንዳቸው በስማቸው ጻፍኩ፤ ደብዳቤ የጻፉለት ሰው አለ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው፣ እባክዎ እንደገና ይላኩ ብዬ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አብዛኞቹ ላኩ። አንዷ ግን ጉዳዩ ቀኑ አልፎበታል ብላ በአጭሩ መለሰችልኝ፤ ምን እንደ ነበረ አልጠየቅኳትም።

ባለፈው ወር ደግሞ ሌላ ዝማኔ ነበረ፤ ያለ ችግር አለቀ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጸሐፊዋ ናቸው፤ ሰላምታም አላስቀደሙም።

«ልጄ፣ ዛሬስ አለሁ?»

«አሉ፣ እትዬ» አልኳቸው። ከዚያ ስልኩን ሳልዘጋ ከሌላው አድራሻዬ አንድ ደብዳቤ ላክሁላቸው፤ ደረሰ እስኪሉኝ ድረስም ጠበቅኩ።