በትልቅና በትንሽ ፊደል የሚለያዩ ስሞች

የተከበራችሁ የዚህ ጉባኤ ተሳታፊዎች፣

የምናገረው ስለ አንዲት ቢት፣ ማለትም ኮምፒውተር ስለሚይዛት አንዲት 0 ወይም 1 ነው። ለፊደላት ቁጥር በሚሰጠው በአስኪ ሠንጠረዥ የላቲኑ ትልቁ «ኤ» 65፣ ትንሹ 97 ቁጥር አላቸው፤ የ32 ልዩነታቸው በሁለትዮሽ ሲጻፍ የአንዲት ቢት ልዩነት ብቻ ነው። ይህች ቢት አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ወስዳብኛለች። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ስጽፍ ድምር የሚይዘውን ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበትን ስም) በትንሽ «ቲ» «ቶታል» ብዬ ዜሮ ሰጠሁት፤ ደጋግሞ በሚደምረው ሉፕ ውስጥ ግን አዲሱን ድምር ያስቀመጥኩት በትልቅ «ቲ» በተጻፈው «ቶታል» ላይ ነበር። ፓይተን ቫሪያብል አስቀድሞ እንዲታወጅ ስለማይጠይቅ ምንም ሳይቃወም ሁለተኛ ስም ፈጠረልኝ፤ ውጤቱም ዜሮ ሆኖ ቀረ። በሲ ቋንቋ ቢሆን ያልታወጀ ስም ነው ተብሎ ገና ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም፣ በተያዘ ነበር።

ቋንቋ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለይ ወይስ አይለይ የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ዘመን አልነበረም። ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1957 ሲወጣ ማሽኖቹ ለአንድ ፊደል ስድስት ቢት ብቻ ይመድቡ ስለነበር 64 ምልክቶች ብቻ ይወከሉ ነበር፤ ትንንሽ ፊደላትም አይገቡም ነበር፤ የ1963ቱ አስኪም ትንንሽ ፊደላትን ያካተተው በ1967 ማሻሻያው ነው። ከዚያ በኋላ ሲ ሁለቱን ለየ፤ ጃቫ፣ ጃቫስክሪፕትና ፓይተንም ተከተሉት። ፓስካልና ኤዳ ግን አይለዩም። ፒኤችፒ የቫሪያብልን ስም እየለየ የፈንክሽንን (በስም የሚጠራን የኮድ ክፍል) አይለይም፤ ይህ በእኔ ግምት ከሁለቱም የከፋ ምርጫ ነው።

«ታዲያ ሁሉም ባይለዩስ?» የሚል ይኖራል። ችግሩ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ አንድ መቁጠር እንደሚመስለው ቀላል አለመሆኑ ነው፤ በቱርክኛ ባለ ነጥቡና ነጥብ አልባው «አይ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ሲሆኑ፣ የጀርመንኛው «ኤስጼት» ወደ ትልቅ ሲቀየር በተለምዶ ሁለት «ኤስ» ይሆናል። «ጎ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ከፓኬጁ (ከኮድ ጥቅሉ) ውጭ የሚታየው በትልቅ ፊደል የሚጀምር ስም ብቻ ነው፤ ትልቅና ትንሽ በሌለው በግዕዝ ፊደል የሚጀምር ስም ስለዚህ ፊቱ ላይ የላቲን ትልቅ ፊደል ካልተለጠፈበት ወደ ውጭ አይወጣም። የእኛ ፈተና በሌላ በኩል ነው፤ ፓይተን የግዕዝ ፊደል ቢቀበልም «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለእርሱ ሁለት ቫሪያብሎች ናቸው፤ ጆሮ ግን አንድ ያደርጋቸዋል።

ስለዚህ ቋንቋው ፊደላቱን ይለይ ባይ ነኝ። በፊደል መጠን ብቻ የሚለያዩ ስሞች ሁሉ ይከልከሉ ማለትም አልችልም፤ በጃቫ ክላሱን (ንድፉን) በትልቅ «ዩ»፣ ኦብጀክቱን (ከንድፉ የተሠራውን) በትንሽ «ዩ» «ዩዘር» ብሎ መሰየም የተለመደና የሚነበብ አጻጻፍ ነውና። በአንድ የኮድ ብሎክ ውስጥ ያሉ ሁለት ቫሪያብሎች በዚህ ብቻ ሲለያዩ ግን ቋንቋው ሥራውን አቁሞ «የትኛውን ማለትህ ነው?» ቢለኝ ኖሮ፣ ያን ዕለት ዜሮ ላይ ሳፈጥ ባልዋልኩ ነበር።