የካርታ መጭመቂያው እና ታሮት የሚባለው ጨዋታ

ሰላማዊት፦ ይሄ ሲጥ ሲጥ የሚለው ድምፅ ማይኩ ተበላሽቶ አይደለም። ብሩክ ከለንደን ተሸክሞት የመጣው ሳጥን ብሎን ነው። እስቲ ንገረን፣ ምንድን ነው?

ብሩክ፦ የመጫወቻ ካርታ መጭመቂያ ነው። ማሆጋኒ እንጨት፤ መሃሉ ላይ ይሄ ብሎን፣ ከሥሩ ካርታውን የሚጫነው ጠፍጣፋ እንጨት። ሁለት ፓኬት ጎን ለጎን ይይዛል።

ሰላማዊት፦ ካርታ ደግሞ ለምን ይጨመቃል?

ብሩክ፦ የዛሬውን አትይው፣ ፕላስቲክ ነገር ተቀብቶ ነው የሚመጣው። የድሮው ወረቀት በወረቀት ላይ በዱቄት ሙጫ እየተለጠፈ የተሠራ ነው። የእጅ ላብና የአየሩ እርጥበት ሲነካው ይጎብጣል። የጎበጠ ካርታ ለመበወዝ ያስቸግራል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የትኛው ካርታ እንደሆነ ከጀርባው ይታወቃል። ስለዚህ ማታ ተጫውተው ሲያበቁ እዚህ ከተው ብሎኑን ያጠብቁታል፣ ተጭኖ ያድራል።

ሰላማዊት፦ አንተም የሰበሰብከውን በዚሁ ታስቀምጣለህ?

ብሩክ፦ በፍጹም! አንድ ጊዜ አድርጌው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ትንሽ እርጥበት የያዘ የድሮ ካርታ ጨምሬ አጠበቅኩት። በሳምንቱ ስከፍተው እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ሳላቅቀው የንግሥቲቱ ፊት ተልጦ ቀረ። አሁን ካርታዎቹ ደረቅ ቦታ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልለው ነው የሚቀመጡት። ሳጥኑ ለብቻው ነው።

ሰላማዊት፦ ዕድሜያቸውን በምን ታውቃለህ?

ብሩክ፦ የእንግሊዝ ከሆነ መጀመሪያ የማየው የስፔድ ኤስን፣ አንድ ጥቁር ቅጠል መሰል ምልክት ያለባትን ካርታ ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። ከ1711 ጀምሮ በካርታ ላይ ቀረጥ ነበር፤ ከ1765 በኋላ፣ ቀረጡ መከፈሉን እንድታሳይ፣ ያቺን አንዷን ካርታ የሚያትመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ። ያጌጠችው ለዚያ ነው። ሪቻርድ ሃርዲንግ የሚባል ካርታ ሠሪ እሷን አስመስሎ አትሞ በ1805 ተሰቀለ። ቀረጡ የተነሣው በ1960 ነው።

ሰላማዊት፦ በአንድ ካርታ ሰው ተሰቀለ?

ብሩክ፦ አዎ። ሌላው ጥጉ ነው። ጥጉ ክብ ካልሆነ፣ ቁጥር ካልተጻፈበት፣ ንጉሡም እንደ ዛሬው ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት ራስ ሳይኖረው እስከ እግሩ ከተሳለ፣ ያረጀ መሆኑን እጠረጥራለሁ።

ሰላማዊት፦ ወደ ታሮት እንምጣ። እኛ ጋ ታሮት ሲባል ጥንቆላ ነው የሚታየው። እናቴ ብትሰማ ቤት አታስገባኝም።

ብሩክ፦ በዚህ ነው የምሟገተው። ታሮት በ1440ዎቹ ሰሜን ጣልያን ውስጥ ለጨዋታ የተሠራ ነው። 78 ካርታ ነው፦ ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ ሳንቲምና በትር፣ እያንዳንዳቸው 14፤ በላያቸው ሌላውን የሚያሸንፉ 21 ሥዕሎች፤ ከዚያ ሞኙ የሚባለው አንድ ካርታ። ፈረንሳዮች ዛሬም ይጫወቱታል። ጥንቆላው የመጣው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ኩር ደ ጄብለን የሚባል ፈረንሳዊ በ1781 «ይህ የጥንት ግብፅ ካህናት የደበቁት መጽሐፍ ነው» ብሎ ጻፈ። ሻምፖሊዮን የሚባለው ምሁር የጥንት ግብፅን ጽሕፈት የፈታው ግን በ1822 ነው። ኩር ደ ጄብለን አንዲት ፊደል ማንበብ አይችልም ነበር።

ሰላማዊት፦ ስለዚህ ከግብፅ ጋር ምንም አያገናኘውም?

ብሩክ፦ ያገናኘዋል፣ በሌላ መንገድ! ኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ማምሉኮች ግብፅን ይገዙ በነበረበት ዘመን የተሠራ ካርታ አለ። ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ ሳንቲም፤ አራተኛው ደግሞ የፖሎ ዱላ። የእኛን የገና ጨዋታ በፈረስ ላይ አድርጊው። ካርታው ከዚያ ወደ አውሮፓ ሲሻገር አውሮፓ ፖሎን ስላላወቀ ዱላውን ተራ በትር አደረገው።

ሰላማዊት፦ እሱን ሳላውቅ ነው የኖርኩት። በዓይንህ ካየኸው ሁሉ የትኛው ልብህን ነካው?

ብሩክ፦ ለሚላኖ መሳፍንት ለቪስኮንቲና ለስፎርዛ የተሠራው፣ በወርቅ ቅጠል የተለበጠው ታሮት። ካርታዎቹ ከአምስት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ በኋላ 74 ቀርተዋል፤ 35ቱ ኒው ዮርክ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት፣ 26ቱ ቤርጋሞ፣ 13ቱ በግል እጅ። ከሥዕሎቹ ሰይጣኑና ግንቡ የሚባሉት የሉም። ሰው «ሰይጣኑ ለምን ጠፋ?» እያለ ምሥጢር ይፈልጋል። ከእነሱ ጋር እኮ የሰይፍ ሦስትና የሳንቲም ፈረሰኛም ጠፍተዋል! ካርታ ከተያዘ ይጠፋል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው፦ አናታቸው ላይ ቀዳዳ አለ። አንድ ሰው በሚስማር ግድግዳ ላይ ሰቅሏቸው ነበር ማለት ነው።

ሰላማዊት፦ ያን ሁሉ ወርቅ በሚስማር!

ብሩክ፦ ውድ ስለሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ደስ ስላሉት ይመስለኛል። ለዚህ ነው ፍጹም ንጹሕ ከሆነ ፓኬት ይልቅ ጠርዙ በጣት የጠቆረውን የምገዛው።

ሰላማዊት፦ ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ ያለውስ?

ብሩክ፦ የፈረንሳይ ነው፣ አዲስ፣ መጫወቻ። እንዳይጎብጥ ለሊቱን እዚህ አሳድሬው ነው። እንቺ፣ 78 ስለሆነ በሁለት እጅሽ ያዢውና በውዢ።