አፈሩ የት ሄደ?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰው ፊት ስናፍር «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» እንላለን። እኔም ስንቴ ብዬዋለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ይህ አባባል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። መሬት ስትከፈት በዓይኔ ስላየሁ ነው።

አንድ ጠዋት ከግቢያችን በር ወጣ ስል አስፋልቱ መሀል ላይ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ አየሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አልነበረችም። ጎንበስ ብዬ ጠጠር ጣልኩባት። ድምፁ ቶሎ አልመጣም። ቆይቶ ከታች «ጧ» አለ፤ ውሃ ላይ እንደወደቀ ነገር። በሆዴ ተኛሁና የስልኬን መብራት አበራሁባት። የአስፋልቱ ውፍረት ስንዝር አይሞላም። ከሥሩ ክፍል አለ። እውነቴን ነው፤ ሰው ቆሞ ሊራመድበት የሚችል ክፍል። በምን ላይ እንደተኛሁ የገባኝ ያኔ ነው። ትንፋሼን ይዤ፣ በክርኔ እየተሳብኩ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ያን ጠዋት ስንት መኪና እንዳለፈበት ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ሠራተኞች መጡ። ቀዳዳውን አስፍተው አንድ መኪና አፈር ገለበጡበት፣ ጠቀጠቁት፣ አስፋልት አለበሱትና ሄዱ። ዝናብ በዘነበ በሁለተኛው ሳምንት ሰመጠ። እንደገና መጡ፤ እንደገና ሞሉት። እንደገና ሰመጠ። በሦስተኛው ጊዜ ከመጡት መሀል አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ነበሩ። አካፋቸውን መሬት ላይ ተክለው ጉድጓዱን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ወጣቶቹን «ልጆች፣ ቆዩ እስቲ። እስካሁን የሞላነው አፈር የት ሄደ?» አሏቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይቺ ጥያቄ ከእኔ ጋር ናት። ስለ መሬት መስመጥ፣ ባለሙያዎቹ ሲንክሆል ስለሚሉት ነገር፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ባነበብኩ ቁጥር የምመለሰው ወደ እሳቸው ጥያቄ ነው። መሬት ሲደረመስ ሁላችንም የምናወራው ስለ ጉድጓዱ ነው፤ ስንት ሜትር ይሰፋል፣ ምን ዋጠ። ጉድጓድ ግን የሌለ ነገር ነው። የነበረው አፈር ነው፤ አፈር ደግሞ ብን ብሎ አይጠፋም። የሚወስደው ውሃ፣ የሚቀበለው ባዶ ቦታ አለ።

ከተፈጥሮው እንጀምር። ዝናብ ሲወርድ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። አፈር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ብዙ እጥፍ ያገኛል፤ ምክንያቱም የተክሎች ሥሮችና ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች እዚያ ውስጥ ይተነፍሳሉ። ውሃውና ጋዙ ሲዋሃዱ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናሉ። በጣም ደካማ አሲድ ነው፤ እጃችን ላይ ቢፈስ ምንም አንለይም። የኖራ ድንጋይን ግን ያሟሟል። ድንጋዩ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ውሃው በእሷ ይሾልካል፤ ሲሾልክ ግድግዳዋን ይልሳል። ትንሽ ስትሰፋ ብዙ ውሃ ታሳልፋለች፤ ብዙ ውሃ ስታሳልፍ የበለጠ ትሰፋለች። ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው ነው። ከሺህ ዓመታት በኋላ ያቺ ስንጥቅ ቦይ ትሆናለች፤ ቦዩም ዋሻ። እንዲህ ውስጥ ውስጡን የተበላ አገር ካርስት ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ እኔም ስቼው ነበር። እኔ የመሰለኝ የዋሻው ጣሪያ፣ ድንጋዩ ራሱ፣ ተሰብሮ ይወድቃል ብዬ ነው። እሱም ይሆናል፤ ግን አልፎ አልፎ ነው። ድንጋዩ በእኛ ዕድሜ ብዙም አይለወጥም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ከድንጋዩ በላይ ያለው አፈር ነው። ውሃ አፈሩን በዚያች ስንጥቅ በኩል በትንሽ በትንሹ ወደ ታች ይወስደዋል፤ አሸዋ በወንፊት እንደሚወርድ። ከድንጋዩ በላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ጣሪያው ይረግፋል፣ የረገፈውም በስንጥቁ ይሄዳል። ባዶው ቦታ እያደር ወደ ላይ ይወጣል። ወደ እኛ ይመጣል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ቶሎ አይወድቅም? አፈሩ ቅስት ስለሚሠራ ነው። እርጥበት ያለው አፈር፣ በተለይ ሸክላማው፣ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ድልድይ ይቆማል። ክብደቱን ወደ ጎን ያስተላልፋል። ስለዚህ ላይ ያለው ሣር አረንጓዴ ነው፤ መንገዱ ልሙጥ ነው፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ቅስቱ ግን ከታች እየሳሳ ነው። መሸከም ያልቻለ ዕለት በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ዜናው «ድንገት» ይላል። ድንገት የሆነው ግን የመጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ ናት።

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ዊንተር ፓርክ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በሜይ 1981 የሆነውን እዩ። መጀመሪያ የሄደው አንድ ዛፍ ነው። ከአንድ ቤት አጠገብ የቆመ ትልቅ ዛፍ ወደ መሬት ውስጥ ገባ። በማግስቱ ጉድጓዱ ቤቱን፣ የከተማውን መዋኛ ገንዳ ከፊሉን፣ ጋራዥ ውስጥ የነበሩ መኪናዎችን ጨምሮ ዋጠ። ስፋቱ ወደ 100 ሜትር ደረሰ። ሰው አልሞተም። ዛሬ ቦታው ሐይቅ ነው። አፈሩ የት ሄደ? ከሥር ባለው የኖራ ድንጋይ ዋሻና ቦይ ውስጥ ነዋ።

አሁን ደግሞ ብዙ ያሰላሰልኩት ነገር። መሬት ከከባድ ዝናብ በኋላ ይሰምጣል። ከድርቅ በኋላም ይሰምጣል። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ መስሎኝ ነበር። አይጋጭም። ዝናብ ሲበዛ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ መያያዙም ይላላል፤ ቅስቱ ይፈርሳል። ድርቅ ሲሆን ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ይወርዳል። ያ ውሃ ዝም ብሎ የተኛ አልነበረም፤ ባዶውን ቦታ ሞልቶ ጣሪያውን ከሥር ደግፎ ነበር። ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ክብደቱ እንደሚቀለው፣ ውሃ የሞላው ዋሻም ጣሪያው ይቀለዋል። ውሃው ሲሄድ ሸክሙ ሙሉ በሙሉ ጣሪያው ላይ ይወድቃል።

ድርቅ ባይኖርም እኛው ውሃውን ስበን ልናወርደው እንችላለን። እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በፕላንት ሲቲ አካባቢ፣ በጃንዋሪ 2010 ከባድ ብርድ መጣ። የእንጆሪ ገበሬዎች ሰብላቸው በውርጭ እንዳይሞት ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ረጩበት። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚሰጥ ተክሉን ያድነዋል። ዘዴው ትክክል ነው። ብርዱ ግን 11 ቀን ቆየ። ከጉድጓድ ብዙ ስለሳቡ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ በ18 ሜትር ገደማ ዝቅ አለ። ከ140 በላይ ቦታዎች ሰመጡ፤ መንገድ፣ ቤት፣ ማሳ። ይህን ሳነብ አዘንኩ። ገበሬው የደከመበትን ለማዳን ነው የተነሳው፤ ክፋት አልነበረበትም። ግን ውሃው የሁሉም ድጋፍ ነበር።

የሙት ባሕር ነገርም ከዚሁ ይመደባል። ባሕሩ በዓመት 1 ሜትር ገደማ እየወረደ ነው፤ ዋናው ምክንያት ወደ እሱ ይፈስ የነበረው የዮርዳኖስ ውሃ ለሌላ ሥራ ስለሚወሰድ ነው። ከዳርቻው ሥር ወፍራም የጨው ንጣፍ ተቀብሯል። ድሮ በዙሪያው የነበረው ውሃ ራሱ በጨው የጠገበ ስለነበር ጨዉን አያሟሟውም ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ያ ውሃ አብሮ ሄደ፤ በቦታው ጨው ያልጠገበ የከርሰ ምድር ውሃ ገባ። ጨው ደግሞ እንደ ድንጋይ ሺህ ዓመት አይፈልግም። ዛሬ በባሕሩ ዳርቻ በሺህ የሚቆጠሩ ጉድጓዶች አሉ።

ከተማ ውስጥ ግን የኖራ ድንጋይም ጨውም አያስፈልግም። አንድ የተሰበረ ቱቦ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በጓቲማላ ሲቲ የተከፈተውን ጉድጓድ ፎቶ ሳታዩት አትቀሩም። ክብ ነው፤ በኮምፓስ የተሳለ ይመስላል። ስፋቱ ወደ 20 ሜትር ነው፤ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ይዞ ወርዷል። ከላይ ሲያዩት ታቹ ጨለማ ነው። አጋታ የተባለችው ማዕበል ዝናብ ባወረደች ጊዜ ነው የሆነው። ከተማዋ ግን የቆመችው በኖራ ድንጋይ ላይ አይደለም፤ በላላ የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ነው። የፍሳሽ መስመር ከሥር ሲያፈስ አመዱን እያጠበ ወሰደው። ቦታውን የሚያውቁ ጂኦሎጂስት «ይህ ሲንክሆል መባል የለበትም» ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ለእኔ የስም ብቻ አይደለም። የተፈጥሮ ሥራ ነው ካልን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ቱቦ ነው ካልን ቱቦ ይጠገናል።

በጃፓን ፉኩኦካ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016፣ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ሲቆፈር አሸዋና ውሃ ወደ ዋሻው ገባና ትልቅ መንገድ ተደረመሰ። ሠራተኞቹ ውሃ ሲገባ አይተው ወጡ፤ መንገዱም ከመደርመሱ ጥቂት ደቂቃ በፊት ተዘጋ። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው አልነበረም። መንገዱ በሳምንቱ ተከፈተ። ሁሉም የሚያነሳው የጥገናውን ፍጥነት ነው። እኔን የነካኝ ግን ውሃውን አይቶ «እንውጣ» ያለው ሰው ነው።

ምክንያቱም መሬት ብዙ ጊዜ ምልክት ትሰጣለች። ግድግዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይወጣል። ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ አልዘጋ ይላል። ምሰሶ ያዘነብላል። ሣሩ በክብ ቅርጽ ይጠወልጋል፤ ምክንያቱም ውሃው ከሥሩ እየሾለከ ነው። የጉድጓድ ውሃ ድንገት ይደፈርሳል። አንዱ ብቻ ቢታይ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ ግን ከቦታው ራቅ ብሎ የሚመለከተውን አካል መጥራት ነው። እንደ እኔ በሆድ ተኝቶ ማየት በፍጹም አይገባም።

ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። እኚያ ሰውዬ ጥያቄያቸውን ከጠየቁ በኋላ አፈር የጫነውን መኪና አቆሙት። አስቆፈሩ። ሦስት ሜትር ያህል ወርደው የፍሳሽ ቱቦ መገጣጠሚያ ተላቅቆ አገኙት። ክፍተቱ ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚያስገባው። ያ ሁሉ አፈር በዚያች ሄዷል።

ቱቦውን ቀየሩ። አሞላሉ ደግሞ ከቀድሞው የተለየ ነበር። መጀመሪያ ትላልቅ ድንጋይ፣ ከዚያ አነስ ያለ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ፣ በመጨረሻ አፈር። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ውሃ መሄጃ ይፈልጋል» አሉኝ። «እሱን ብትከለክለው ሌላ መንገድ ያበጃል። ስለዚህ እሱ ይለፍ፣ አፈሩ ግን ይቅር።» እያንዳንዱ ንብርብር ከላዩ ያለውን ይይዛል፤ በሁሉም መሀል ግን ውሃ ያልፋል። ቆይቼ ሳነብ መሐንዲሶችም የሚሰምጠውን ጉድጓድ እንዲሁ እንደሚሞሉት፣ ትልቁን ድንጋይ በጉሮሮው፣ አፈሩ በሚሾልክበት ጠባብ ቀዳዳ፣ ላይ እንደሚያስቀምጡ አየሁ።

ይኸው ዝናብ ወጥቶ ዝናብ ገባ። ዛሬ ጠዋትም ስወጣ ቆሜ በተረከዜ መታ መታ አደረግኩት። ድፍን ድምፅ ነው ያለው።