ማክሰኞ ማታ አዳራሹ የማን ነው? የአየርላንድ የገጠር ክለቦችና የጋራ መገልገያ ዕቅድ

[ምስል፦ ከአየር ላይ የተነሣ ግዙፍ ነጭ ጉልላት፤ ዙሪያው አረንጓዴ ማሳ]

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2025 ኤዮዊን የተባለው አውሎ ነፋስ አየርላንድን መታ። በምዕራቡ የማዮ አውራጃ፣ ቤካን በተባለች የገጠር መንደር አጠገብ ቆሞ የነበረውን የስፖርት ጉልላትም ቀዳዶ ጣለው። ጉልላቱ 150 ሜትር ርዝመትና 100 ሜትር ስፋት ነበረው። በአየር ግፊት የተወጠረ ሲሆን፣ ከዓይነቱ በዓለም ትልቁ የስፖርት ጉልላት ይባል ነበር።

[ምስል፦ ጨለማ የዋጠው መንደር፤ አንድ በር ብቻ በርቷል]

በዚያው አውሎ ነፋስ ከ700 ሺህ በላይ ቤቶች፣ እርሻዎችና የንግድ ድርጅቶች መብራት ተቋረጠባቸው። በርካታ መንደሮች ለቀናት በጨለማ ሲቆዩ፣ ሰው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ፣ በሙቅ ውኃ ሊታጠብና ትኩስ ነገር ሊቀምስ የሄደው ወደ አካባቢው የስፖርት ክለብ ነበር። እነዚህ ክለቦች ያላቸው ሻወር፣ ወጥ ቤትና ወንበር የተደረደረበት አዳራሽ ነው። በዓለም ትልቁ ለመባል የሚያበቃ ነገር የላቸውም። ይህ ቪዲዮ የሚያወራው ስለ እነዚህ ክለቦች ነው፦ አንድ የገጠር ክለብ ሜዳውንና አዳራሹን ከመንደሩ ጋር ለመካፈል ሲያቅድ ምን ይገጥመዋል?

[ምስል፦ የኸርሊንግ ጨዋታ፤ ኳሷ ከዱላ ስትነሣ]

በቅድሚያ ስለ ክለቦቹ ጨዋታ በአጭሩ። እነዚህን ክለቦች የሚያቅፈው የጌሊክ፣ ማለትም የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታዎች፣ አትሌቲክስ ማኅበር የተመሠረተው ኖቬምበር 1 ቀን 1884 በቲፐረሪ አውራጃ፣ ተርልስ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆቴል ነው። ዋነኞቹ ጨዋታዎቹ በዱላ የሚጫወቱት ኸርሊንግና በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ጌሊክ እግር ኳስ ናቸው። ገና ሲጫወቱ ያየ ሰው ኸርሊንግን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ ኳሷ መሬት ለመሬት ብቻ ሳይሆን በአየርም መክነፏ፣ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች አንድ ነጥብ፣ መረብ ውስጥ ከገባች ደግሞ ሦስት ነጥብ ማስገኘቷ ነው። ተጫዋቾቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም። በደብሊን የሚገኘውን ክሮክ ፓርክን፣ ከ82 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘውን ስታዲየም፣ እሑድ የሚሞላው ኮከብ ሰኞ ጠዋት መምህር ወይም ገበሬ ሆኖ ሥራው ላይ ይገኛል።

ለርእሳችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን ክለቡ የቆመበት መሠረት ነው፤ እሱም የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ነው። በልማዱ ሰው የሚጫወተው ለተወለደበት አጥቢያ ነው። በመሆኑም ፖስታ ቤቱ፣ የፖሊስ ጣቢያውና ሱቁ በተዘጉበት መንደር እንኳ ክለቡ አለ፤ ሜዳም አለው። የሜዳው ርዝመት ከ130 እስከ 145 ሜትር፣ ስፋቱ ከ80 እስከ 90 ሜትር ነው። ከተለመደው የእግር ኳስ ሜዳ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያም በላይ ነው። በመንደሩ ካሉት የጋራ መሬቶች ሁሉ ሰፊው ይኸው ሊሆን ይችላል።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የሕንፃ ንድፍ፤ ዙሪያውን የተሰበሰቡ ሰዎች እጅ]

ዕቅድ ሲጀመር ኮሚቴው ወዲያው የሚጠራው አርክቴክት ነው። ባለሁለት ፎቅ አዳራሽ፣ ሰው ሠራሽ ሣር፣ ፓውዛ የተተከለበት የእግር መንገድ፣ ጂምናዚየም… ንድፉ ያምራል። እኔ ግን ከንድፉ በፊት አንድ ወረቀት እንዲጻፍ እፈልጋለሁ፤ በኖቬምበር ወር የአንዲት ማክሰኞ ማታ መርሐ ግብር።

[ምስል፦ ባዶ ሰንጠረዥ፤ ሰዓቶቹ አንድ በአንድ ይሞላሉ]

ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት የቅዝቃዜ ወቅት አየርላንድ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር፣ አሥር ሰዓት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ነው። አሠልጣኞቹ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ከሥራ ወጥተው፣ እራት ቀምሰው የሚደርሱት ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። 3 ሰዓት ሲሆን ደግሞ የልጆች ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ሁሉም የሚፈልገው እነዚያኑ ሁለት ሰዓታት ነው። ዋናው የወንዶች ቡድን ልምምድ አለው፤ ታዳጊ ሴቶች አላቸው፤ ካሞጊ፣ ማለትም የሴቶቹ ኸርሊንግ፣ ተራ ይጠብቃል። አዛውንቶች ብርሃን ባለበት መንገድ ላይ በእግር መሄድ ይሻሉ። የመንደሩ የቴአትር ቡድን አዳራሹን ለልምምድ ጠይቋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢቆጠር በሳምንት አሥር ሰዓት ብቻ ነው። ብዙ ሚሊዮን ዩሮ የፈሰሰበት ሕንፃም ቢሆን የሚዳኘው በእነዚህ አሥር ሰዓታት ነው።

ይህ ወረቀት ሳይጻፍ የተሠራ አዳራሽ በስም የጋራ፣ በተግባር ግን ቀድሞ ቁልፉን የያዘ ሰው ንብረት ይሆናል። ቀድሞ የያዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የወንዶቹ ቡድን ነው። የካሞጊ ማኅበር የተመሠረተው በ1904፣ የሴቶች ጌሊክ እግር ኳስ ማኅበር ደግሞ በ1974 ሲሆን፣ ሁለቱም እስካሁን ከወንዶቹ ማኅበር የተለዩ ድርጅቶች ናቸው። ሦስቱን በ2027 አንድ ለማድረግ ሥራው ተጀምሯል፤ ሂደቱን የሚመሩት የቀድሞዋ የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ሜሪ ማክአሊስ ናቸው። እስከዚያው ድረስ ግን ሴቶቹ በብዙ ቦታ የሚጫወቱት የራሳቸው ባልሆነ ሜዳ ላይ፣ በወንዶቹ ይሁንታ ነው። የልብስ መቀየሪያ ክፍሎቹም የተሠሩት ለወንዶች ታስቦ ነው። አዲስ ንድፍ ላይ ሁለት ክፍል ከመሳል ይልቅ አራት መሳል፣ ሻወሮቹንም በግድግዳ መለየት፣ ሁለት የወንድና ሁለት የሴት ቡድኖች በአንድ ምሽት እንዲገናኙ ያደርጋል። ጭማሪ ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም።

[ምስል፦ ክሮክ ፓርክ፤ ባዶ መቀመጫዎች]

ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። የክለብ መሬት በባለአደራዎች ስም ተመዝግቦ ለማኅበሩ ጥቅም የሚያዝ ነው። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ንብረቱ ለራሱ ጨዋታዎችና ከዓላማው ጋር ለማይጋጩ ሥራዎች እንዲውል ያዛል። የአዛውንቶች ምሳ፣ የዳንስ ትምህርት፣ የደም ልገሳ ችግር የለባቸውም። ዓለም የሚያውቀው እግር ኳስና ራግቢ ግን ለረጅም ዘመን ክልክል ነበሩ። ምክንያቱ ፖለቲካም ታሪክም አለበት፤ እነዚያ ጨዋታዎች የእንግሊዝ ገዢዎች ጨዋታ ተደርገው ይታዩ ነበር። ክሮክ ፓርክ ለራግቢና ለእግር ኳስ እንዲከፈት በ2005 በድምፅ ተወሰነ፤ በ2007 አየርላንድ ከፈረንሳይ ራግቢ ተጫወተችበት። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ሙስሊሞች የዒድ አል አድሓን ሶላት ሰገዱበት። የአገሪቱ ትልቁ ሜዳ ይህን ያህል ተከፍቷል፤ የመንደሩ ሜዳ ግን ዛሬም በደንቡ ሥር ነው።

ታዲያ መንደሩ ውስጥ የእግር ኳስ ቡድን ካለና «የጋራ» የተባለው መገልገያ ለእሱ ካልተፈቀደ፣ ቃሉ ምን ትርጉም አለው? አንዱ መውጫ ዋናውን ሜዳ ለክለቡ ትቶ፣ አዳራሹንና ሰው ሠራሽ ሣሩን በመንደሩ ድርጅት ስም መያዝ ነው። ድርጅቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆኖ ክለቡ፣ ትምህርት ቤቱና ሌሎቹም አባላት ይሆናሉ። ሽማግሌዎቹ አባላት ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። እውነታቸውን ነው፤ መሬቱን የገዙት በዕጣና በልመና ገንዘብ አጠራቅመው ነው። ቢሆንም ክርክሩ ከግንባታው በፊት ቢደረግ ይሻላል፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣ የባለቤትነት ጥያቄ መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው።

[ምስል፦ የማመልከቻ ቅጽ፤ አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ሲደረግ]

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? መንግሥት ለስፖርት ግንባታና ቁሳቁስ የሚሰጠው ድጎማ አለ፤ በ2023 ዙር አንድ የአካባቢ ክለብ እስከ 200 ሺህ ዩሮ መጠየቅ ይችል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የገጠር ልማት ገንዘብም አለ። ለስፖርት ድጎማው መገልገያውን ከሌሎች ጋር የሚጋራ አመልካች ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ነጥብ ለማግኘት ብቻ የተፈረመ የመጋራት ስምምነት በማኅደር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። መፍትሔው ያንኑ የማክሰኞ ማታ ሰንጠረዥ ከስምምነቱ ጋር አባሪ ማድረግ ነው። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ተቆጥሮ አይሰጥም፤ ደረሰኝና ሰነድ እየቀረበ ይለቀቃል። ስለዚህ ገንዘብ ያዡ ከመጀመሪያው ከባንክ ወይም ከቁጠባና ብድር ማኅበር ጋር መነጋገር አለበት።

[ምስል፦ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ፤ ዝናብ እየመታው]

የግንባታ ፈቃዱ ሂደት ግልጽ ነው። ማስታወቂያ ቦታው ላይና በጋዜጣ ይወጣል፤ 20 ዩሮ የከፈለ ማንኛውም ሰው በአምስት ሳምንት ውስጥ አስተያየት ማስገባት ይችላል፤ የአውራጃው ምክር ቤት በተለምዶ በስምንት ሳምንት ይወስናል። ጭቅጭቅ የሚያስነሣው ብዙ ጊዜ ፓውዛው ነው። ብርሃኑ የጎረቤት መኝታ ቤት ይገባል፤ በሕግ የተጠበቁትን የሌሊት ወፎችም ያውካል። ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ሊቀ መንበሩ በየጎረቤቱ ሄዶ ሻይ ቢጠጣና መብራቱ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ቃል ቢገባ፣ ከወራት ይግባኝ ይድናል።

[ምስል፦ ሰው ሠራሽ ሣር፤ ጠርዙ የተሸረሸረ]

የመጨረሻው ጉዳይ ለምረቃ ሪባን ሲቆረጥ ማንም የማያነሣው ነው። ድጎማው ይሠራል እንጂ አያሞቅም፤ የመብራት፣ የኢንሹራንስና የጽዳት ሒሳብ በየወሩ ይመጣል። ሰው ሠራሽ ሣር አሥር ዓመት ገደማ ሲያገለግል ያልቃል፤ ያን ጊዜ የሚተካው በአዲስ ገንዘብ ነው። ከተከራዩ ሁሉ፣ ከክለቡ ራሱም ጭምር፣ በሰዓት የሚከፈል ትንሽ ኪራይ ከመጀመሪያዋ ሳምንት ጀምሮ ለዚህ ብቻ በተከፈተ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ክለቡ «ቤቱ የእኔ ነው፤ አልከፍልም» ያለ ዕለት የቴአትር ቡድኑም መክፈል ያቆማል፤ ሰው ሠራሽ ሣሩ ሲያልቅም ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ይገኛል።