የሐምሌው ምርጫ፦ ጆርጂያ 1946

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የቆየ ምርጫ ነው። ቦታው አሁን እኔም ብዙ ወገኖቼም የምንኖርበት የጆርጂያ ግዛት፣ ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1946 ነው። ዓመታቱንም ወራቱንም ቀኖቹንም በዚያው አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

ይህ ታሪክ እዚህ አገር የሚታወቀው «የሦስቱ አገረ ገዢዎች ጉዳይ» በሚል ስም ነው። በአንድ የቅዝቃዜ ወራት ሦስት ሰዎች በየፊናቸው «የጆርጂያ አገረ ገዢ እኔ ነኝ» አሉ፤ የቢሮ ቁልፍ ተለወጠ፣ የግዛቱ ማኅተም ተደበቀ። ሲተረክ ሁልጊዜ በሳቅ ነው። እኔ ግን ባነበብሁት ቁጥር ሳቁ አልመጣልኝም፤ ምክንያቱም ከዚያ ግርግር ወራት ቀደም ብሎ ሐምሌ ነበረ። የምጀምረውም ከሐምሌ ነው።

በዚያን ጊዜ በጆርጂያ እውነተኛው ምርጫ በኅዳር የሚደረገው አልነበረም። ሪፐብሊካኖች ከቁጥር የሚገቡ ስላልነበሩ የዴሞክራቲክ ፓርቲን ቅድመ ምርጫ፣ ፓርቲው እጩውን የሚለይበትን፣ ያሸነፈ ሰው ሥልጣኑን ያዘ ማለት ነበር። ፓርቲው ደግሞ «እኔ የግል ማኅበር ነኝ፣ የፈለግሁትን አባል አደርጋለሁ» እያለ ጥቁሮችን ከዚህ ምርጫ ያገልላቸው ነበር። በኅዳር መምረጥ ይችላሉ፤ በኅዳር ግን ጉዳዩ አልቋል።

በ1944 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከቴክሳስ በመጣ ክስ ላይ ይህ አሠራር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ፈረደ። ጆርጂያ አልሰማሁም አለች። በዚያው ዓመት፣ በነፃነት በዓላቸው ቀን፣ ፕራይመስ ኪንግ የተባለ ፀጉር አስተካካይና ሰባኪ በኮሎምበስ ከተማ ወደ ካውንቲው (ካውንቲ ግዛቱ የተከፋፈለበት አውራጃ ነው) ፍርድ ቤት ሕንፃ ገብቶ ልምረጥ አለ። አንድ የሕግ አስከባሪ ይዞ አስወጣው። ኪንግ ጉዳዩን ይዞ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1945 ተፈረደለት፣ ካሣውም 100 ዶላር ነበር። በ1946 ጸደይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን ለማየት ፈቃደኛ ሳይሆን ሲቀር የነጮች ብቻ የነበረው ቅድመ ምርጫ በጆርጂያ አበቃለት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የከፈተው በር ግን ከመቶ ሺህ በላይ ጥቁሮች ተመዝግበው የገቡበት በር ነው። በአትላንታ ብቻ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ አዲስ መራጮች ተመዘገቡ።

የወቅቱ አገረ ገዢ ኤሊስ አርናል ፍርዱን የሚያመልጡበት ዘዴ እንዲፈልጉ የሕግ አውጪውን ምክር ቤት ለመጥራት ፈቃደኛ አልሆነም። ይህን ላመሰግነው እወዳለሁ። በእርሱ ዘመን ነው ጆርጂያ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ የመምረጫ ዕድሜን በ1943 ወደ 18 ያወረደችው፤ ለመምረጥ ይከፈል የነበረው ግብርም በ1945 ቀረ። ሕጉ ግን በተከታታይ ሁለተኛ ጊዜ እንዲወዳደር አይፈቅድለትም። ስለዚህ የእርሱ ወገን ጄምስ ካርማይክልን አቀረበ፤ በጦርነቱ ጊዜ በማሪየታ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ፋብሪካውን ያስተዳደረ ሰው ነው። በሌላው ወገን የቆመው ዩጂን ታልማጅ ቀድሞ ሦስት ጊዜ ተመርጦ አገረ ገዢ የሆነ፣ በቀይ የሱሪ ማንገቻው የሚታወቅ፣ የገበሬው ጠበቃ ነኝ የሚል ሰው ነበር። የዘመቻው ዋና ቃል ኪዳን የነጮችን ቅድመ ምርጫ መመለስ ነበር። ይህን በአደባባይ፣ አፉን ሞልቶ ነው የተናገረው። ደጋፊዎቹ በየካውንቲው የጥቁር መራጮችን ምዝገባ በጅምላ እየተቃወሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞችን አሰረዙ።

ሐምሌ 17 ሕዝቡ መረጠ። ካርማይክል 313,389 ድምፅ አገኘ፤ ታልማጅ 297,245። ልዩነቱ 16,144 ነው። ያሸነፈውም ታልማጅ ነው።

እንዴት? ጆርጂያ 159 ካውንቲዎች አሏት። በ1917 የወጣ ሕግ እያንዳንዱ ካውንቲ ነጥብ እንዲኖረው አድርጎ ነበር፤ በሕዝብ ብዛት ትልልቆቹ 8 ካውንቲዎች ስድስት ስድስት፣ ተከታዮቹ 30 አራት አራት፣ የቀሩት 121 ሁለት ሁለት። በካውንቲው ብዙ ድምፅ ያገኘ ነጥቡን ጠቅልሎ ይወስዳል፤ የተሸናፊው ድምፅ እዚያው ይቀራል። ደምሩት፤ ጠቅላላው 410 ነጥብ ይሆናል፣ ከዚያ ውስጥ 242ቱ የትንንሾቹ ካውንቲዎች ነው። ሰው የማይበዛባቸው ቦታዎች ብቻቸውን ከግማሽ በላይ ይይዛሉ ማለት ነው። አትላንታ ያለችበት ፉልተን ካውንቲ ከሦስት የገጠር ካውንቲዎች ጋር እኩል ነው። ታልማጅ 242 ነጥብ፣ ካርማይክል 146፣ ሦስተኛው ተወዳዳሪ ሪቨርስ 22 ወሰዱ።

እኔ ዲካልብ ካውንቲ ስለምኖር አንዱ ዝርዝር ይበልጥ ያንገበግበኛል። በዚያው ዓመት የካቲት ወር ሄለን ዳግላስ ማንኪን የተባለች ጠበቃ በማሟያ ምርጫ ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመርጣ ነበር፤ ያሸነፈችውም መጨረሻ ላይ በተቆጠረው የአትላንታ የጥቁሮች ሰፈር፣ በአሽቢ ጎዳና ምርጫ ጣቢያ ድምፅ ነው። ሐምሌ ላይ እንደገና ስትወዳደር በተወዳደረችበት የኮንግረስ ወረዳ ቀርቶ የነበረውን የነጥብ ቆጠራ መልሰው አመጡባት። ወረዳው ሦስት ካውንቲ ብቻ ነው፦ ፉልተን ስድስት ነጥብ፣ ዲካልብ ስድስት፣ ሮክዴል ሁለት። ማንኪን በሕዝብ ድምፅ ከአሥር ሺህ በላይ በልጣ በነጥብ 8 ለ 6 ተሸነፈች። ዲካልብና ትንሿ ሮክዴል ተደምረው መላውን አትላንታ ዋጡት። ዛሬ በዲካልብ፣ ክላርክስተን አካባቢ፣ የሐበሻ ሱቅ ሳላይ የማልፍበት ቀን የለም፤ የእኛ ሰው ተመዝግቦ የሚመርጥበት ካውንቲ ይህ ነው። በዚያ አሠራር ብንደርስ ኖሮ ሁላችንም ከምንም አንቆጠርም ነበር።

አሁን ወደ ቴይለር ካውንቲ እንሂድ። ሜሲዮ ስናይፕስ የ37 ዓመት ሰው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ የዘመተ ወታደር ነበር። ሐምሌ 17 ሄዶ መረጠ፤ በዚያ ካውንቲ በዚያ ቀን የመረጠ ብቸኛው ጥቁር እርሱ እንደነበር ይነገራል። በማግሥቱ ነጮች እቤቱ መጥተው ጠርተው አስወጡትና በጥይት መቱት። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። የተኮሰው ሰው ራሴን ለመከላከል ነው አለ፤ መርማሪው ጉባኤ ቃሉን ተቀብሎ አሰናበተው። ቤተሰቡ ለቀስተኛ እንዳይገደል ፈርቶ በድብቅ፣ ምልክት በሌለው መቃብር ቀበረው። ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ። ሳምንት ሳይሞላም፣ ሐምሌ 25፣ በዋልተን ካውንቲ ሙርስ ፎርድ ድልድይ አጠገብ ሁለት ባልና ሚስት፣ አራት ሰዎች፣ በሕዝብ መንጋ ተረሸኑ። ከአራቱ አንዱ ጆርጅ ዶርሲ እንደ ስናይፕስ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ነበር። እስከ ዛሬ በዚህ ወንጀል ለፍርድ የቀረበ ሰው የለም። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ የ17 ዓመት የሞርሃውስ ኮሌጅ ተማሪ ለአትላንታ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ የምንጠይቀው እንደ ማንኛውም አሜሪካዊ ዜጋ የሚገባንን መብት ነው የሚል። ስሙ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው።

ሦስቱ አገረ ገዢዎች የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እርሱን ቶሎ ልበለው። ታልማጅ በጠና ታሞ ስለነበር ደጋፊዎቹ በኅዳሩ ምርጫ ጥቂት ሰዎችን የልጁን የኸርማንን ስም በካርዱ ላይ በእጃቸው እንዲጽፉ አደረጉ። አባትየው ሥልጣኑን ሳይረከብ ታኅሣሥ 21 ሞተ። በምክር ቤቱ ያሉ ደጋፊዎቹ «ሕጉ በሕይወት ካሉት ብዙ ድምፅ ካገኙት ሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ ይፈቅድልናል» አሉ። በእጅ የተጻፉት ሲቆጠሩ ግን ካርማይክል 669፣ ታልማጅ ባወርስ የተባለ ሌላ ሰው 637፣ ኸርማን 617 ሆነ፤ ሦስተኛ። በዚህ ጊዜ ከታልማጆች ትውልድ አገር ከቴልፌር ካውንቲ ሳይቆጠሩ የቀሩ 58 ድምፆች ተገኙ ተባለ። ኸርማን በአንድ ጊዜ 675 አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ጥር 15 ቀን 1947 ሌሊት ምክር ቤቱ መረጠው። አርናል ቢሮዬን አልለቅም አለ፤ ቁልፉን ለወጡበት። አዲስ የተመረጠው ምክትል አገረ ገዢ ሜልቪን ቶምሰን ደግሞ ወራሹ እኔ ነኝ አለ። የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ቤን ፎርትሰን ማኅተሙን ለማንም አልሰጥም ብሎ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ትራስ ሥር ደብቆ ተቀመጠበት። እኚህን ሰው ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ሕግ እስኪወስን ድረስ አንድ ሹም ማድረግ የሚገባውን አደረጉ። መጋቢት 19 የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 2 ለቶምሰን ፈረደ፤ ኸርማን ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ወጣ።

የቴልፌርን ነገር ያጋለጠው ጆርጅ ጉድዊን የሚባል የአትላንታ ጆርናል ጋዜጠኛ ነው። ሄዶ የመራጮቹን ዝርዝር ሲያይ ሰዎቹ በፊደል ተራ ተሰልፈው የመረጡ ይመስላሉ። ሲያጣራ አንዳንዱ አልመረጥሁም አለ፣ አንዳንዱ አካባቢውን ከለቀቀ ቆይቷል፣ አንዳንዱም ሞቷል። በ1948 የፑልትዘር ሽልማት ተሰጠው፤ ይገባዋል። ዓይን ያወጣ ሌብነት ነበርና።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ይህ ነው። ስለ 58ቱ የሐሰት ድምፆች ግዛቱ ተንጫጫ፣ ጋዜጣ ጻፈ፣ ሽልማት ተሰጠ። ሐምሌ ላይ የካርማይክልን ብልጫ፣ 16,144 እውነተኛ ድምፅ፣ ዋጋ ያሳጣውን ቆጠራ ግን በወንጀል የጠየቀ አልነበረም፤ የተሠራው በሕግ ነውና። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ድምሩ ትክክል ነው፣ ፊርማው ሙሉ ነው። ሌባው ሲያዝ ሁላችንም እንጮኻለን፤ ሕጉ ራሱ ሲወስድብን ዝም እንላለን። ስናይፕስ በሕይወቱ የከፈለበት ድምፅ እንኳ የተመዘነው የፉልተን ሰውና የገጠር ሰው ድምፅ እኩል በማይሆንበት ሚዛን ነው። ምርጫ ሲባል ሁላችንም የምናየው ሳጥኑን ነው፤ እኔ ከዚህ ታሪክ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው ድምፁ ከሳጥኑ ከወጣ በኋላ እንዴት እንደሚደመር ነው።

ኸርማን ታልማጅ በ1948 ቶምሰንን አሸንፎ በሕጋዊ መንገድ ተመለሰ። የነጥቡ ሥርዓት ከዚያ በኋላም አሥራ አራት ዓመት ቆየ። በ1962 ጄምስ ሳንደርስ የሚባል የአትላንታ መራጭ ከሰሰና የፌዴራል ፍርድ ቤት አገደው፤ በ1963 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 ሥርዓቱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ፈረደ። «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» የሚለው ሐረግ በዚያ ፍርድ ውስጥ ተጽፏል። ፍርዱ ያቀረበው ስሌት እንዲህ ነው፦ 1,876 ሰው ባለባት ኤኮልስ ካውንቲ አንድ ነጥብ 938 ሰው ይወክላል፤ 556,326 ሰው ባለበት ፉልተን አንድ ነጥብ 92,721 ሰው። አንድ የኤኮልስ ነዋሪ የ99 የፉልተን ነዋሪዎችን ያህል ይመዝን ነበር።

በዚያው በ1962 ሊሮይ ጆንሰን ከአትላንታ ለግዛቱ ሴኔት ተመረጠ፤ በጆርጂያ ምክር ቤት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጥቁር አልታየም ነበር። በዚያው ምርጫ አንድ የለውዝ ገበሬ ከደቡብ ጆርጂያ ለሴኔት ተወዳደረ፤ በኩዊትማን ካውንቲ 333 ሰው መርጦ ከሳጥኑ 420 ወረቀት ወጣበት፣ እዚያም በፊደል ተራ «የመረጡ» ሰዎች ተገኙ። ተሟግቶ አሸነፈ። ጂሚ ካርተር ይባላል። በእኛ አቆጣጠር በ1997ቱ ምርጫ የታዛቢ ቡድን መርተው አዲስ አበባ የመጡት እርሳቸው ናቸው። የኩዊትማኑን ሙግት ለብቻው በሚቀጥለው ዝግጅት አወራችኋለሁ። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።